የአባዬ ቮልስ

ጥቅምት 10 ቀን 2017

ዛሬ ዶሮዋን አስለቀቅኳት። ቮልሷ ጅማ ኮቺ ሰፈር ባለው ግቢያችን አቮካዶው ሥር ከቆመች ሃያ ዓመት አልፏታል። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ትጥልበት ነበር። እማዬ በየጠዋቱ በተሰበረው መስኮት እጇን ሰድዳ እንቁላል ትለቅማለች። ስለዚህ መኪናዋን የማደሱ ሥራ የመጀመሪያ ተቃዋሚ እማዬ ሆነች።

ቮልስ 1300 ናት። ሊብሬው ላይ የሥሪት ዘመኗ 1966 ይላል። ያየው ሁሉ «የአብዮቱ ዓመት!» ይላል። አይደለም፣ በፈረንጅ ነው። በእኛ 1958 መሆኑ ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። የሻንሲ ቁጥሯ ከኋላ ወንበር ሥር ተመቷል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቄ አነበብኩት፤ በ116 ይጀምራል። 6ቷ የ1966 ሞዴል መሆኗን ትናገራለች። ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ባይገጥም ኖሮ በሩን ዘግቼ ዶሮዋን እመልሳት ነበር። ወረቀቱ ያልተስተካከለ መኪና ማደስ በሰው መሬት ላይ ቤት መሥራት ነው።

አባዬ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ዋለ። መኪናዋ ለምን እንደቆመች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በ1996 ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አጣ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ። በሁለተኛ ማርሽ እያስጮሃት፣ የእጅ ፍሬን እየጎተተ ወርዶ ወርዶ፣ በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር የአፈር ግንብ ጋር እያፋተገ አቆማት። ማንም አልተጎዳም። በጭነት መኪና መጣች፣ አቮካዶው ሥር ወረደች፣ እዚያው ቀረች። አባዬ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

ዛሬ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሞተሩስ ይነሳል እንበል። ትቆማለች ወይ?»

ጥቅምት 13

ሞተሩ አልዞር አለ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ አፈሰስኩ። ሳምንት ይጠጣ። «ሞተሪኖ እንዳትነካ፤ የደረቀ ፋሻ በግድ አይላቀቅም፣ ይሰበራል እንጂ» ብለውኛል ጋሼ። ሞተሪኖ ማስነሻው ነው፣ ፋሻ ደግሞ የፒስተኑ ቀለበት።

ጋሼ የምላቸው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ከጣሊያን መካኒክ ሥር ገና ልጅ ሆነው ሥራ የለመዱት ሽማግሌ ናቸው። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ገንዘብ አልፈልግም ብለዋል። ቡና ግን ይፈልጋሉ፣ እስከ በረካው ድረስ። የሚሠሩበት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ስቸኩል ሲያዩኝ ደግሞ ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ፦ «ሱታ ሱታ!» ቀስ በል ማለታቸው ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ያህል እሰማዋለሁ።

ጥቅምት 17

የጎረቤት ልጅ መጣ። ስልኩ ላይ ቀኑን ሙሉ የአሜሪካ መኪና ሲያገሣ የሚያይ ልጅ ነው። ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ስንት ፈረስ ናት?» አለኝ።

«40።»

ሳቀ። ልክ ነው፣ ያስቃል። በዚያው በ1966 የወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ 6.4 ሊትር ሞተር ነበረው፣ 335 ፈረስ ተብሎ ይሸጥ ነበር። የኛይቱ 1.3 ሊትር ናት። ትንሽ ላጽናናው ብዬ የዚያን ጊዜ አሜሪካኖች ሞተሩን ባዶውን አስቀምጠው፣ ማርሚታውም ሌላውም ሳይጫንበት ይለኩት እንደነበር ነገርኩት። በዚያ አለካክ የኛም 50 ትደርሳለች። አልተጽናናም።

ያልነገርኩት ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው 18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰውን ያህል ነው የሚሠራው። 40 ያልናት እዚህ 33 ናት። ይህን ብነግረው ዳግመኛ ግቢያችንን አይረግጥም።

«ለምን የቪትዝ ሞተር አትከትባትም?» አለ። ይህን ያላለኝ ሰው የለም። ባለሱቁም፣ ጎሚስታውም ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። የሞተር ቁጥሯ ሊብሬው ላይ አለ፤ ሲቀየር ወረቀቱም ይከተላል። ሁለተኛ፣ ከኋላ አየር የሚያቀዘቅዘው ሞተር ወጥቶ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሲገባ ራዲያተሩን የት አደርገዋለሁ? ሦስተኛ፣ ይህች መኪና ሃያ ዓመት የቆመችው መሮጥ አቅቷት አይደለም፤ መቆም አቅቷት ነው። ስለዚህ ላሻሽል ያሰብኩት ፍሬኗን፣ መብራቷንና ማቀዝቀዣዋን ነው። ጉልበቷ እንዳለ ይቀራል።

ጥቅምት 20

ዞረች! የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዤ ሱታ ሱታ ሳወዛውዛት፣ ጭር ያለች ድምፅ አሰምታ ዞረች። ከካንዴላው ቀዳዳ ጥቁር ዘይት ተፍታ አዲሱን ሸሚዜን አበላሸችው። ለማን አቤት ይባላል?

ኅዳር 1

ሞተሩን አወረድን። የቮልስ ደግነቷ እዚህ ላይ ነው። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያዘው በ4 ቡሎን ብቻ ነው፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት። ባትሪውን፣ የቤንዚን ጎማውን፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድና የማሞቂያውን ገመዶች ፈታን። ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ታች ዝቅ። ከ100 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ሁለት አሮጌ ጎማ ደርበን እላዩ ላይ አሳረፍነው። ከነቡናው ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

ኅዳር 15

ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ያልጻፍኩት አፍሬ ነው።

ወለሉ አልቋል። በተለይ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል፣ ባትሪው የሚቀመጥበት። የቮልስ ሁሉ በሽታ ነው። አሲዱ ይንጠባጠባል፣ የጅማ እርጥበት ያግዘዋል፣ ብረቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል። ካቻቢቴ ብወጋበት ሣር አየሁ። በሁለቱም በር ሥር የሚሄዱት የብረት ሳጥኖችም ተበልተዋል። እነዚህ ሳጥኖች የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ ቦዲውንም ቀጥ አድርገው ይይዛሉ።

ጋሼ ለቅሶ ሄደው ነበር። እኔ ደግሞ ግራይንደር ተከራይቻለሁ፤ ኪራዩ በቀን ነው። እና የግራውን ሳጥን ቆረጥኩት።

ቀኑን ሙሉ ጎበዝ ነኝ ብዬ ዋልኩ። ማታ በሩን ልዘጋ ስል አልገባም። በአውራ ጣት ውፍረት ወርዷል። ቦዲው ደግፎ የያዘውን ብረት ሲያጣ መሃል ላይ ጎበጥ ብሏል። ከመቁረጥ በፊት ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ ድረስ፣ በሩ በሚገባበት ባዶ ቦታ ላይ ብረት በየዳ ማድረግ ግድ ነበር። ጋሼ ሲመጡ አዩት። አልተቆጡም። ቁጭ ብለው ቡና ጠጡ። ከዚያ «ለቅሶ ላይ አንድ ቀን ብቆይ ጣሪያውንም ትቆርጠው ነበር» አሉ።

ለማስተካከል አራት ቀን ሄደ። ክሪክ ከሥሩ ገባ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አነሣነው፤ በሩን እየዘጋን እየከፈትን ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆን። ከዚያ አንድ ኢንች ቱቦ በየዳ አደረግንበት። የቀኙን በኩል ሳንነካው በፊት አሠርነው።

የተዘጋጀ ወለል ጅማ አይገኝም። ባቲላሜራው ከ1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጦ በመዶሻ ሠራው። አሮጌው ወለል ላይ ያሉትን ጎርበጥ ያሉ መስመሮች፣ ሽንትሮቹንም አንድ በአንድ አወጣቸው። ለጌጥ ይመስሉኝ ነበር። ዝርግ ላሜራ ሲረግጡት ጧ ይላል፤ ሽንትር ያለው አይነቃነቅም።

ባትሪው ላይ ደግሞ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ክዳን ቆረጥኩለት። የኋላ ወንበሩ ሞላ ከላይ ተጭኖ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ነው። ብዙ ቮልስ እንዲህ ተቃጥላለች፤ ከኋላ ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ።

ታኅሣሥ 6

የቡናው ለቀማ ስላለ ሠራተኛ ጠፍቷል። ብቻዬን ሞተር ስፈታ ሰነበትኩ።

ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ተቃጥሏል። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ እንደ ተነከሰ ብስኩት ሆኗል። ጋሼ ሳያዩት ነው የነገሩኝ። «ሦስተኛውን እየው» አሉ። ምክንያቱ የዘይት ማቀዝቀዣው ነው። በዚህች ሞተር ላይ ማቀዝቀዣው ከአየር ማራገቢያው ሳጥን ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ተቀምጧል። ነፋሱ መጀመሪያ እሱን አልፎ ነው ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው። ሌሎቹ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኙ ሦስተኛው ትርፍራፊ ይደርሰዋል።

በዚህ ላይ የሰው እጅ ተጨምሮበታል። ከዘመናት በፊት የሆነ ሰው በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ቆርቆሮና ጎማ አውጥቶ ጥሎታል። ትርፍ መስሎት ይሆናል። ያ ጎማ ግን የላይኛውን ቀዝቃዛ አየር ከታችኛው ሙቅ አየር የሚለይ ግድግዳ ነው። እሱ ከሌለ ማራገቢያው ከሥር የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። አባዬ የጊቤን ዳገት በወጣ ቁጥር ሞተሩ ለምን ይሞቅ እንደነበር አሁን ገባኝ። ነገርኩት። «እኔ እኮ ቤንዚኑን ነበር የማማው» አለ።

ቆርቆሮውን ከላሜራ አስቆረጥኩ። ጎማውን ከአይሱዙ በር ጎማ ሠራሁት፤ እንደተወለደበት ገጠመ።

የኮሎውን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ የፊትና ኋላ ጨዋታ ቶርኖ ቤት አስለካሁ። ለዚህ ሞተር ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው ጥሩ የሚባለው። የኔ 0.17 ወጣ። ጋሼ አሰቡበት፣ የውፍረት ቀለበቶቹን ቀያየሩ፣ 0.11 ላይ አሳረፉት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ልጃቸው ሲያገባ አላየሁትም።

ጥር 16

ከጥምቀት በኋላ ቀለም። ጅማ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለችውን ደረቅ ጊዜ ካሳለፈ ዓመት ይጠብቃል። አሮጌውን ስንፍቅ ሦስት ቀለም ተገኘ። ላይኛው ነጭ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከሁሉ በታች ጥቁር ሰማያዊ። ሰማያዊው ተመረጠ። ስቱኮ ካሰብኩት በላይ ሄደ፣ በተለይ የግራው ፓራፋንጎ ላይ፤ የጊቤ አፈር የላሰው እሱን ነው። አቧራ እንዳይነሣ ግቢውን ውኃ አርሰን ቀባን። ሁለት ንብ ኮፈኑ ላይ ተለጥፈው ቀሩ። ተውኳቸው። የማር አገር ነው።

የካቲት 9

ወደ ዋናው ነገር መጣን።

የዚህች መኪና ፍሬን አንድ መስመር ነው። ከፔዳሉ የሚወጣው ዘይት በአንዲት ፓምፕ አልፎ ለአራቱም ጎማ ይከፋፈላል። ከአራቱ የዘይት ጎማዎች፣ ማለትም ተጣጣፊ ቱቦዎቹ፣ አንዷ ከፈነዳች አራቱም ባዶ ናቸው። አባዬን ያገኘው ይኸው ነው። ስፈታው አገኘኋት፤ የፊት ግራ የዘይት ጎማ፣ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ። ለእሱ ሳሳየው በእጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ኪሱ ከተታት።

ቮልስዋገን ራሱ በኋላ ያወጣቸው ቮልሶች ሁለት ክፍል ያለው ፓምፕ አላቸው። ከፊት ላሉት አንድ፣ ከኋላ ላሉት አንድ። አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆማል። ይህ ፓምፕ በአሮጌዋም ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሁለት ቡሎን ይታሠራል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ፈልጌ አገኘሁት። ሁለት መውጫ ያለው የዘይት ጣሳም አብሮ መጣ። የብረት ቱቦዎቹን በሙሉ አዲስ አጠፍን።

የጎረቤቱ ልጅ ለምን ዲስክ ፍሬን አላደረግክም አለኝ። አስቤው ነበር። ግን 800 ኪሎ እንኳ የማትሞላ፣ 33 ፈረስ ያላት መኪና ናት። በደንብ የተስተካከለ ታምቡር ይበቃታል። ታምቡሮቹን ቶርኖ ቤት አስላጭቼ አዲስ የፍሬን ሸራ አስለጠፍኩ።

አንድ ነገር ለሚሠራ ሰው ልጻፍ። ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግና ፓምፑ መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ባዶ መኖር አለበት። እኔ ፔዳሉ ቶሎ እንዲይዝ ብዬ አጥብቄው ነበር። ዘንጉ ፓምፑን ሁልጊዜ ትንሽ ከተጫነው ዘይቱ የሚመለስባት ቀዳዳ ትዘጋለች። ፍሬኑ ሳይረግጡት ራሱ ይይዛል። ጎማውን በእጄ ሳዞረው እምቢ ብሎ አወቅኩት። መንገድ ላይ ቢሆን ታምቡሩ እስኪጨስ አላውቅም ነበር።

የካቲት 16

የኋላ ታምቡር ዳዶ። 36 ቁጥር ነው። የሚጠብቅበት ኃይል 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚለካ ቁልፍ በሰፈሩ የለም። ጋሼ ቢጫ ጀሪካን አምጣ አሉ።

20 ሊትር ውኃ ሞላሁ። ቁልፉ ላይ ረዥም ቱቦ አገቡ። ከዳዶው አንድ ሜትር ተኩል ለክተው ጀሪካኑን አንጠለጠሉ። 20 ኪሎ ውኃ በአንድ ሜትር ተኩል። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት፤ 300 አካባቢ ነው። ጋሼ ስሌቱን አያውቁትም፣ ጀሪካኑን ግን ያውቁታል። ቱቦው መሬቱን ትይዩ ሆኖ ሲቆም ልክ ነው። ከዚያ ዳዶው እንዳይላቀቅ ለምትይዘው ሽቦ፣ ለኮፒሊያዋ፣ ቀዳዳ እስክትገጥም ትንሽ ወደ ፊት ተገፋ። ወደ ኋላ በፍጹም።

ከፍሬን ዘይቱ አየር አስወጣን። ከሩቁ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ነው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ፔዳሉ ላይ የጎረቤቱ ልጅ ተቀመጠ። «ርገጥ!» «ያዝ!» «ልቀቅ!» ሲባል አንድ ሰዓት ዋለ። በመጨረሻ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ እንደ ጅማ ባለ አገር በየሁለት ዓመቱ ልቀይረው አስቤ በሩ ውስጥ ቀኑን ጻፍኩ።

መጋቢት 14

ዝናብ ጀመረ። ሥራው በረንዳ ሥር ገባ። የመብራት ተራ።

መኪናዋ 6 ቮልት ነበረች። ማታ ከፊቷ የሚወጣው ብርሃን የኩራዝ ነው። ወደ 12 ቮልት ቀየርኳት። ዲናሞ፣ መቆጣጠሪያው፣ ቦቢና፣ አምፖሎች፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ የካርቡራተሩ የማነቂያ ማሞቂያ ተቀየሩ። ሽቦዎቹን አልነካሁም፤ አይፈሩም። 45 ዋት መብራት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይጎትታል፤ በ12 ቮልት ግማሹን። ለ6 ቮልት የተዘረጋ ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ለ12 ተርፎ ይቀራል። ሞተሪኖውንም ተውነው። 6 ቮልት ሆኖ 12 ሲሰጡት እንደ እብድ ይዞራል፤ ረጅም ካልያዙት ምንም አይሆን።

ሚያዝያ 5

ለማስነሳት ተሰበሰብን። አባዬ ወንበሩን አስጠጋ። ቁልፉን አዞርኩ። ዷ! በካርቡራተሩ በኩል ነበልባል ወጣ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጎረቤት ገቡ።

የካንዴላ ገመዶቹን በ1-3-4-2 ተራ ነበር ያሠርኳቸው። የለመድኩት የቶዮታ ነው። የቮልስ 1-4-3-2 ነው። ጋሼ አይተው ነበር፤ እንድማር ብለው ዝም አሉ። እማዬ ስለ ዶሮዎቹ ዝም አላለችም።

ገመዶቹ ተቀየሩ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች። ያ የቮልስ ድምፅ፣ የስፌት መኪና የሚመስለው፣ ግቢውን ሞላው። አባዬ ምንም አላለም፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ከኋላዋ ሄዶ ቆመ።

ሚያዝያ 12

ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ሆኑ። ቤንዚን በዝቶባታል። ካርቡራተሩ ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካ ነው። የቤንዚኑን ቀዳዳ ከ125 ወደ 120 አወረድኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ሳወጣቸው ቀለማቸው ገና መቁላት የጀመረ ቡና ሆኗል። እዚህ አገር ይህን ቀለም ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

የቫልቮቹን ክፍተት በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አደረግን። የድሮው መጽሐፍ 0.10 ይላል። ጋሼ ግን ሰፋ ይበል ባይ ናቸው። «ቢንጫጫ ምን ቸገረህ? ዝም ያለው ነው የሚቃጠለው።»

ግንቦት 10

ቦሎ ተለጥፏል። ዛሬ እሑድ ነው። አባዬን «ጅረን ድረስ እንሂድ?» አልኩት። ኮቱን ለበሰ።

እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ነው። አንድ ባጃጅ አልፎን ሄደ። ግድ አልነበረኝም፤ ዓይኔ ያለው የዘይት መብራቷ ላይ ነው። አንዴም አልበራችም። ላይ ስንደርስ ሞተሩን ከፍቼ እጄን አስጠጋሁ። ከአይሱዙ በር ጎማ የተሠራው ግድግዳ ቦታው አለ። ከተማውን ከላይ አየን፤ ዝናብ ከአጋሮ በኩል ሲመጣ ይታያል።

ቁልቁለቱ ሲጀምር አባዬ ዝም አለ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ፍሬን ስነካ በጎን አየሁት። ቀኝ እግሩ እሱ በተቀመጠበት በኩል ወለሉን ይረግጣል። እኔ ስረግጥ ይረግጣል፣ ስለቅ ይለቃል። ባቲላሜራው በመዶሻ ያወጣቸው ሽንትሮች ላይ ነው እግሩ ያረፈው። እስከ ከተማ ድረስ እንዲህ ወረድን።

አጂፕ ጋ ስንደርስ አቁም አለኝ። አቆምኩ። ጎንበስ ብሎ ወረደና ከኋላ ዞረ። ፍሬኑን የሚያወራኝ መስሎኝ ጠበቅኩ።

«የግራው ፍሬቻ አይሠራም» አለ።

ወርጄ አየሁት። እውነቱን ነው።